በአማኑኤል ጠብቂኝ

ሐሙስ ጠዋት ሱቁን ከፍቼ ማሽኑ እስኪሞቅ ቆሜ ሳለ የእድሩ ጸሐፊ ገባና አንድ የቀበሌ መታወቂያ የባንኮኒው መስታወት ላይ አስቀመጠልኝ።

«ይቺን ፎቶ አስፍተሽ አውጪልኝ። ለቀብር ናት፤ ከሩቅ የምትታይ አድርጊያት።»

አነሳሁት። አያ ይርሳው ናቸው።

«እኚህ ሰውዬ? የቅዳሜ ቀጠሮ አለን እኮ!» አልኩት።

«አሁንማ ቀጠሯቸው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ትናንት ጠዋት ነው ያረፉት። በይ ቶሎ በይ፣ ድንኳን የሚተክል ሰው እየጠበቀኝ ነው።»

እንዲህ ነው የሰማሁት። ቀስ ብሎ የነገረኝ የለም። እኔም ለማንም ቀስ ብዬ ነግሬ ስለማላውቅ ልቀየመው አልችልም። የመታወቂያ ፎቶ ሲሰፋ ፊት ነጠብጣብ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሦስቴም አፍንጫቸው ጠፋ። ጸሐፊው «ይበቃል፣ ሰው ያውቃቸዋል» ብሎ ይዞት ሄደ። አያውቃቸውም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ያን ሰውዬ የሚያውቅ ቢኖር እኔ ነኝ፤ እኔም ባላውቃቸው ይሻላቸው ነበር።

ሱቃችን መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለች ፎቶ ኮፒ ቤት ናት። ኮፒ እናደርጋለን፣ ማመልከቻ እንጽፋለን፣ መታወቂያ በፕላስቲክ እንሸፍናለን። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር «ለጊዜው» ብዬ የገባሁበት ነው፤ ለጊዜው አራት ዓመት ሞላው። አያ ይርሳው መጀመሪያ የመጡት ያንኑ መታወቂያ ኮፒ ለማድረግ ነበር። ዝናብ ያዛቸውና ወንበር ሰጠኋቸው። በማግስቱ ዝናብ የለም፣ እሳቸው ግን መጡ። ከዚያ በኋላ ወንበሯ የሳቸው ሆነች።

ሲቆሙ እግራቸውን ከፈት አድርገው ነው፤ ወለሉ ድንገት ያጋድላል ብለው የሚጠብቁ ይመስል። በር ሲገቡ መቃኑን ያዝ ያደርጋሉ። ጣታቸው አያርፍም፤ መስታወቱን ታክ፣ ታክ ታክ፣ ታክ ያደርጉታል። «ምን ማለት ነው?» ስላቸው «ስምሽን መጻፌ ነው» አሉኝ። ሌላ ቀን፣ ሰው በዝቶብኝ ተናድጄ ሳለሁ፣ «አሁንስ ምን እያሉ ነው?» ብላቸው «ዝም በይ እያልኩሽ ነው» አሉኝ።

የባሕር ኃይል ሬዲዮ ኦፕሬተር ነበሩ። መርከብ ላይ እንደዚያው በታክ ታክ መልእክት የሚቀበሉና የሚልኩ። ተወልደው ያደጉት ግን እዚሁ፣ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ ካለችው ከአማኑኤል ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት ገባ ብሎ፣ ገብስ ከሚዘራበት ቀበሌ ነው። ደርግ ሊወድቅ ዓመት ሲቀረው፣ ምጽዋ ስትያዝ በጀልባ ወደ የመን ተሻገሩ፤ ያንን ሁሉ ዘመን እዚያ ኖረው፣ የመን በተራዋ ስትታመስ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሚስት የለ፣ ልጅ የለ። እዚህ ማርቆስ፣ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር።

እዚህ አገር «ባሕር ላይ ነበርኩ» ያለ ሰው ጣና ላይ ነበርኩ ያለ ነው የሚመስለው። አንድ ቀን ማመልከቻ ሊያጽፉ የመጡ የገጠር ሰውዬ ጠየቋቸው።

«ባሕር ላይ አሉ? የቱ ጋ ነው? በዘጌ ነው በደልጊ በኩል?»

አያ ይርሳው ትንሽ አሰቡ። «ከዘጌ ትንሽ ወረድ ብሎ» አሉ።

ስድስት ወር ሙሉ ከምጽዋ እስከ ኮሎምቦ፣ ከኮሎምቦ እስከ ሞምባሳ በመርከብ የሄዱትን ማለታቸው ነው። ሰውዬው ሲወጡ «ምነው ታዲያ እንዲህ ይዋሻሉ?» አልኳቸው።

«ሕንድ ውቅያኖስን ከማስረዳት ዘጌን ማርዘም ይቀላል» አሉኝ።

ቃል አይወዱም ነበር። መጥላታቸው አይደለም፤ ሲባክን ማየት አይወዱም። ማመልከቻ ስጽፍ ከጀርባዬ ይቆሙና «ይቺን አውጫት፣ ይቺንም» ይሉኛል። «'በታላቅ አክብሮትና ትሕትና እጠይቃለሁ' ምንድን ነው? 'እጠይቃለሁ' በቂዋ ነው።» አንድ ጊዜ በድንበር የተጣላ ገበሬ ሁለት ገጽ ሙሉ ያስጻፈውን አራት መስመር አደረጉበት። ሰውዬው ወረቀቱን ገለበጠው፣ ከጀርባው የቀረ እንዳለ አየና ጮኸ።

«አቤቱታዬን እንደ በግ ሸለቱት እኮ!»

«እውነት ከሆነ ብርድ አይመታውም» አሉት።

እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ገበሬው ሁለቱንም ወስዶ ሄደ፤ የትኛውን እንዳስገባ አላውቅም። ያን ቀን ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ነገሩኝ። «አየር ላይ የሚሄድ ቃል ሲረዝም መንገድ ላይ ይበላሻል። አጭር ቃል ይደርሳል።» ሁለተኛ ትምህርታቸው ደግሞ «የላክሽውን ቅጂ ሳታስቀሪ አትላኪ» የሚል ነው። ለዚህ ይመስለኛል ፎቶ ኮፒ ቤት የተመቻቸው።

እኔን «ቀልቃላዋ» ነው የሚሉኝ። ሲመጡ ወይ የነርሲንግ ኮሌጅ ፎርም እየሞላሁ ነው፣ ወይ መንጃ ፈቃድ ላወጣ እየዛትኩ ነው፣ ወይ ዕቃዬን ሸክፌ አዲስ አበባ ልገባ ነው። «ከዚህ ውጪ የት መሄድ እንደምትፈልጊ ታውቂያለሽ?» ይሉኛል። «አላውቅም፣ ከዚህ ውጪ» እላቸዋለሁ። ሌላው ሰው «ጌታዬ» እያለ ዘወር ሲሉ «የየመኑ እብድ» ይላቸው ነበር። እኔ ግን ፊት ለፊት «አያ ይርሳው፣ ይሄ ኮትዎ ይሸታል፣ ይታጠብ» ያልኳቸው ሰው ነኝ። አጥበውት መጡ። እንደሚወዱኝ ያወቅሁት ያኔ ነው። በግልጽ መናገሬ ሁልጊዜ ለሰው የሚጠቅም ይመስለኝ የጀመረውም ያኔ ሳይሆን አይቀርም።

ነሐሴ ላይ ነው። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ተከፍቶ ያፈሳል፣ ደንበኛ የለም። አያ ይርሳው በፌስታል የተጠቀለለ የሸራ ከረጢት ይዘው ገቡ። ከረጢቱን የሰፉት ራሳቸው ናቸው፤ ስፌቱ መርፌ አያስገባም። በውስጡ ሠላሳ አንድ ፖስት ካርድ ነበር።

«እርጥበቱ ሊበላብኝ ነው። ፊቱንም ጀርባውንም አንሺልኝ» አሉ።

የካርዶቹ ፊት ያምራል። ካራቺ፣ ግመል ጋሪ ሲጎትት። ቦምቤይ፣ ባሕሩ ዳር የቆመ ትልቅ የድንጋይ በር። ኮሎምቦ፣ ዝሆን ወንዝ ውስጥ ጋደም ብሎ ሲያጥቡት። ሞምባሳ፣ አስፋልቱ ላይ እንደ ዝሆን ጥርስ የተጣመሙ ቅስቶች። በየወደቡ አንድ ዓይነት ካርድ ሁለት ሁለት ይገዙ ነበር። በአንደኛው ጽፈው ይልካሉ፤ የጻፉትን ቃል በቃል በሁለተኛው ጀርባ ገልብጠው፣ ጥግ ላይ «ቅጂ» ብለው ያስቀራሉ። እኔ የያዝኩት ቅጂዎቹን ነው።

ፊቱን አንስቼ ስገለብጥ እያነበብኩ ነው፤ ሥራ ሲሰለቸኝ የሰው ነገር ማንበብ ልማዴ ነው።

«ካራቺ። ግመል ጋሪ ይጎትታል። አስቢው።»

«ኮሎምቦ። ዝሆን ታጠበ። እኔም ታጠብኩ።»

«ይሄ ነው ከዚያ ሁሉ አገር የተጻፈው?» አልኳቸው።

«ደርሷል አይደል?»

«ለማን ነው?»

ፌስታሉን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ነገሩኝ። ለእህታቸው ነው፤ ለአትጠገብ። በዘጠኝ ዓመት ታንሳቸዋለች። ፊደል ያስቆጠሯት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ባሕር ኃይል ሲገቡ እሷ በየቀኑ ሁለት ሰዓት እየሄደች አማኑኤል ትማር ነበር፤ አምስተኛ ክፍል ደርሳለች። መርከቡ ሞምባሳ ሲደርስ በፖስታ ከረጢቱ ውስጥ ከሷ ደብዳቤ መጣላቸው። «ከፋሲካ በኋላ ሊድሩኝ ነው፤ ናልኝ» ይላል። እሳቸውም ከአንድ የመርከብ ጓደኛቸው ጋር ተነጋግረው ሚስቱ ልጅቷን ምጽዋ ላይ እንድታስቀምጥላቸው ተስማሙ፤ ወስደው ሊያስተምሯት።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ከሞምባሳ 'ሚያዝያ ፈቃድ አገኛለሁ' ብዬ ጻፍኩ። ከኤደን ደግሞ ቁርጡን ላክሁላት። ፈቃዴ ስትሰጠኝ ሦስት ቀን መኪና ላይ ነው የከረምኩት። ደብተር ገዝቻለሁ፣ ጫማ ገዝቻለሁ። ቤት ስደርስ የሰርጉ ዳስ ገና አልፈረሰም። 'ሄደች' አሉኝ። አባቴን 'ወዳ ነው?' አልኩት። 'ወዳ ነው' አለኝ። ጫማውን እዚያው ደጃፍ ላይ ጥዬ ተመለስኩ።»

«ባሏ ቤት አልሄዱም?»

«ወዳ የሄደችን ሰው ምን ብዬ?»

ከዚያ ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም። ከየመን ሲመለሱ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሊያስታርቁ ወደ እህታቸው ሄደው ነበር። አሁን ባሏ ሞቶባት አማኑኤል ከተማ ከልጇ ጋር ናት፤ መኪና መቆሚያው ጋ ቆሎ ትሸጣለች። ሽማግሌዎቹ ይዘው የተመለሱት መልስ ይህ ነበር፦ «ሦስት ቀን ጠብቄዋለሁ፤ የቀረው እሱ ነው።»

«ሦስት ቀን!» አሉ አያ ይርሳው። መስታወቱን መቱት፤ ሲቆጡ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። «የት ነው የጠበቀችኝ? ቤታችን አንድ ነው፤ ስደርስ የለችም። አለመጠበቋን እተወዋለሁ፣ ልጅ ነበረች። ለምን ትዋሻለች?»

ይህን ሲሉ እኔ የኤደኑን ካርድ ገልብጬ ማሽኑ ላይ ላስቀምጥ ነው። እንዲህ ይላል፦ «በአማኑኤል ጠብቂኝ። ይዤሽ እሄዳለሁ።»

«ታዲያ አማኑኤል ላይ አላገኟትም ማለት ነው?» አልኳቸው።

«የምን አማኑኤል? ቤት ነው የሄድኩት አልኩሽ። ሚያዝያ ሃያ ስምንት፣ ጠዋት።»

«እዚህ ግን በአማኑኤል ጠብቂኝ ይላላ።»

«አዎ። በአማኑኤል። በሃያ ስምንት።»

«ኧረ! ቀኑን ነው እንዴ?» አልኩና ሳቅሁ። «እኔ እኮ ከተማው መስሎኝ!»

እውነቴን ነው፣ ከት ብዬ ሳቅሁ። እሳቸው መርከብ ላይ ሁሉም ሰው በፈረንጅ ቀን ሲቆጥር በልባቸው በአገራቸው ታቦት ይቆጥሩ ነበር፤ ዛሬ ሚካኤል፣ ዛሬ ማርያም፣ ሃያ ስምንት ሲሆን አማኑኤል። እኔ ሃያ ስምንትን ሃያ ስምንት ነው የምለው። ለኔ አማኑኤል መኪና የሚቆምባት ከተማ ናት። አምስተኛ ክፍል ድረስ እዚያው ለተማረች ልጅም እንደዚያው መሆን አለበት። ይህንን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው።

«አያ ይርሳው፣ ማንም ቢያነበው ከተማውን ነው የሚያስበው! ትምህርት ቤቷ እዚያ፣ ከማርቆስ የሚመጣ መኪና የሚያወርድዎ እዚያ። ሦስት ቀን አማኑኤል መንገድ ዳር ተቀምጣ ነዋ! ምናለበት 'ቀን' የምትል አንዲት ቃል ቢጨምሩ?»

ጣታቸው ቆመ። ካርዱን ከእጄ ወሰዱና ራቅ አድርገው ያዙት። አነበቡት። ጠጋ አደረጉት፣ አነበቡት። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ። አራት ቃል ነው፤ ለማንበብ ያን ያህል ጊዜ የሚወስድ አልነበረም።

«አልዋሸችም» አሉ በመጨረሻ።

ካርዱን መልሰው ሰጡኝ። «ጨርሺው» አሉና ዝናቡ ውስጥ ወጡ።

ሦስት ሳምንት አልመጡም። እኔ ያደረግሁትን ያወቅሁ እንዳይመስላችሁ። ማታ ለጓደኛዬ እንደ ቀልድ አወራሁላት፤ እሷም ሳቀች። አንድ ሰው አርባ ምናምን ዓመት «ዋሸችኝ» ብሎ የተደገፈበትን ነገር በአንድ ደቂቃ ነቅዬ «የሳቱት እርስዎ ነዎት» የሚለውን በምትኩ ሰጠኋቸው፤ ያውም እየሳቅሁ። መንገር ነበረብኝ፤ በዚህ አልጸጸትም። ግን ወንበር ስቤ አጠገባቸው ብቀመጥ ምን ነበረበት? ወይ «ይህን ካርድ እንዴት አድርጋ አንብባው ይሆን?» ብዬ ጠይቄ ራሳቸው እንዲደርሱበት ብተው?

መስከረም አጋማሽ ላይ መጡ። ጢማቸውን አልተላጩም፤ ከስተዋል። ወንበራቸው ላይ አልተቀመጡም።

«ሽማግሌ ሆነሽ ሂጂልኝ» አሉኝ።

«እኔ? ጢም አላበቀልኩ!»

«ጢም ያላቸው ሄደው አይተናቸዋል። ካርዱን ያነበብሽው አንቺ ነሽ።»

«ሽማግሌ ደግሞ ሦስት ነው፣ አያ ይርሳው።»

«አንቺ አንድ። ካርዱ ሁለት። ሦስተኛው ራሱ አማኑኤል ይሁና።»

«ከተማው ነው ቀኑ?» አልኳቸው። ከመጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

«ባለቤቱ» አሉኝ።

ብቻቸውን ለምን እንደማይሄዱ ጠየቅኋቸው፤ አርባ ደቂቃ የማይሞላ መንገድ ነው። አፈሩ። «በሯ ላይ ቆሜ ምን እላለሁ? እኔ አጭር ነው የማውቀው። ይሄ ደግሞ በአጭር አይሆንም» አሉኝ። እኔ ገብቼ ካርዱን አሳያለሁ፣ የተጻፈው ቀኑ እንደሆነ እነግራለሁ፤ እሳቸው ጥፋተኛ ሰው እንደሚያደርገው ደጅ ይቆማሉ፤ እህታቸው ግባ ካሉ ይገባሉ። ተስማማን። ቅዳሜ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ መንገድ ተዘጋ። የእውነት ተዘጋ፤ ከተማው ሁሉ ቤቱ ዋለ። ሁለተኛው ቅዳሜ የትምህርት ቤት ምዝገባ ነበርና የሱቁ ባለቤት አልፈቀደችልኝም፤ ወረፋው እስከ አስፋልቱ ደርሶ ነበር። «ይሁን፣ የሚቀጥለው» አሉኝ። ለሦስተኛው ቅዳሜ ደግሞ ባሕር ዳር አንድ ሆቴል ገንዘብ ተቀባይ ይፈልጋል ሲባል ሰማሁ። ቃለ መጠይቁ ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ነው።

ልነግራቸው እችል ነበር። «አያ ይርሳው፣ ሥራ ላገኝ ነው፣ እሑድ እንሂድ» ማለት ነው፤ ደስ ይላቸው ነበር እንጂ አይቀየሙም። ግን ለኔ የሌሎች ሰዎች ነገር ሁልጊዜ የሚቆይ፣ የኔ ነገር ግን የሚያመልጥ ይመስለኛል። ዓርብ ማታ ስልክ ሳልደውል ተኛሁ። ቅዳሜ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከዚያው መናኸሪያ ተሳፈርኩ። እሳቸው ሁለት ሰዓት ላይ ነው የሚመጡት።

የባሕር ዳር መንገድ በአማኑኤል ያልፋል። መኪናው ቆመ፣ ሴቶች ቆሎና ድንች ይዘው መስኮቱን ከበቡት። ዓይኔን ጨፍኜ የተኛሁ መሰልኩ።

ደምበጫን ስናልፍ ስልኬ ጮኸ።

«ቀልቃላዋ፣ መናኸሪያ ነኝ። የት ደረስሽ?»

«ቤት ነኝ። መንገድ ተዘግቷል አሉ፤ አልሰሙም እንዴ?»

እሳቸው ዝም ሲሉ ከጀርባቸው የረዳቱ ጩኸት በስልኩ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። «አማኑኤል! አማኑኤል ሁለት ሰው! የሞላ፣ የሞላ!»

እኔ ከሰማሁት እሳቸው አጠገባቸው ነው የተጮኸው።

«ደርሶኛል» አሉ አያ ይርሳው። በሬዲዮ መልእክት ሲቀበሉ የሚሉት ነው። ስልኩን ዘጉት።

መናኸሪያው በር ላይ ሻይ የምታፈላው ሴትዮ በኋላ እንደነገረችኝ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ከዚያ አልተነሱም። ተላጭተው፣ ያን ኮታቸውን ተኩሰው። «ሰው ይመጣልኛል» እያሉ። ውሸቴን ካወቁ በኋላ ማንን እየጠበቁ እንደነበር እስካሁን አላውቅም።

ሥራውን አላገኘሁም። ሰኞ ደወልኩላቸው፤ ይቅርታ አልጠየቅሁም፣ አፌ ላይ አልመጣ አለኝ። «በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ እውነቴን ነው» አልኩ።

«ቀኑን በቁጥር ንገሪኝ» አሉኝ።

ነገርኳቸው። «ጻፍኩት» አሉ። ረቡዕ ጠዋት አከራያቸው ቁርስ ይዘው ሲገቡ አርፈው አገኟቸው።

ቀብሩ ላይ ሰው ብዙ አልነበረም። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ አንዲት አጠር ያሉ፣ ጥቁር ነጠላ ያደረጉ ሴትዮ ከሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ጋር ተቀምጠዋል። ሳልጠይቅ አወቅኋቸው። ካርዶቹ ሱቅ ውስጥ ነበሩ፤ የኤደኑን በቦርሳዬ ይዤ መጥቻለሁ። አጠገባቸው ሄጄ ተቀመጥኩ። ስሜን፣ የት እንደምሠራ፣ አያ ይርሳው ልከውኝ እንደነበር ነገርኳቸው። ካርዱን አውጥቼ «ላንብብልዎት?» አልኳቸው።

«አነባለሁ» አሉ እትዬ አትጠገብ።

አነበቡት። ፊታቸው ምንም አልሆነም። «ይሄማ እኔ ዘንድም አለ። ሦስት ቀን በዚህ ወረቀት አማኑኤል አስፋልቱ ዳር ተቀምጫለሁ። በአራተኛው ቀን አባቴ መጥቶ እየደበደበ ወሰደኝ።»

«ቀኑን ነበር እኮ ያሉት፣ እትዬ። ሃያ ስምንትን። በሃያ ስምንት ቤት መጥተው ነበር። እርስዎ በአማኑኤል ሲባሉ ከተማውን፣ እሳቸው ደግሞ ቀኑን።»

ካርዱን አዩት። ከዚያ ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ።

«እኔን የዳሩኝ በዳግማይ ትንሣኤ ነው። ሃያ አራት ነበር» አሉ። አራት ጣት አጠፉ። «አራት ቀን ዘግይቶ ነው የመጣው።»

ለቀስተኛ ገባ፣ ተነስተው ተቃቅፈው አለቀሱ፣ ተመልሰው ተቀመጡ። እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

«መቼ ነው ይህን ያወቀው?» አሉኝ።

«ነሐሴ ላይ።»

«ሁለት ወር» አሉ። «ሁለት ወር ሙሉ አውቆ… ታዲያ ምነው አልመጣ?»

ለሰው ሁሉ ፊት ለፊት የምናገር እኔ፣ ኮትዎ ይሸታል የምል፣ የሰው ዕድሜ ሙሉ የቆየ ነገር እየሳቅሁ የምፈታ እኔ፣ ያን ጊዜ አፌ ላይ የመጣልኝ ምን ነበር?

«መንገድ ተዘግቶ ነው» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። ቁጣ የለበትም። እንደ ደከመው ሰው ነው ያዩኝ።

«ልጄ፣ እኔ መንገድ ዳር ነው የምውል። የተዘጋበትን ቀን አውቀዋለሁ።»

ካርዱን ጉልበቴ ላይ አስቀመጡት። «እንግዲህ አሁንም መምጣት አልፈለገም ማለት ነው» አሉና ፊታቸውን ወደ ሴቶቹ መለሱ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው፦ ቅዳሜ ተላጭተው መናኸሪያ ቆመው ነበር፤ የቀረሁት እኔ ነኝ፤ የዋሸሁትም እኔ ነኝ። አዲስ ለቀስተኛ መጣ፣ ድንኳኑ ሞላ፣ ለሌላ ሰው ቦታ ልልቀቅ ብዬ ተነሳሁ። ተነስቼ ወጣሁ። አያ ይርሳው በሕይወት ሳሉ አንድ ጊዜ ቀርተዋል፤ ያም ቢሆን ቀርተው አልነበረም። ከሞቱ በኋላ ሁለተኛ ጊዜ ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ። እህታቸው ዛሬም ወንድማቸውን አውቆ የቀረ አድርገው ነው የሚያስቡት።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ በአማኑኤል አልፌያለሁ፣ ለሥራ ፍለጋው። እትዬ አትጠገብን በመስኮት አየኋቸው። እንደሌሎቹ ወደ መኪናው አይሮጡም፤ ቆሏቸውን ፊታቸው አድርገው ይቀመጣሉ፣ የፈለገ ይመጣላቸዋል። የመጀመሪያው ጊዜ መኪናው ወዲያው ተነሳብኝ፤ ይህን እንደ ምክንያት ያዝኩት። ባለፈው ሳምንት ግን በደንብ ቆመ። ተሳፋሪ ወረደ፣ ቆሎ ገዛ፣ ተመለሰ። ከኔ እስከሳቸው ዐሥር እርምጃ አይሆንም። ረዳቱ በሩን ይዞ ወደ ውስጥ ዞረ።

«አማኑኤል ወራጅ አለ?» አለ።

ማንም አልመለሰም። እኔን አየኝና «እህት፣ ወራጅ ነሽ?» አለኝ።

ዝም አልኩት። በሩን ዘጋው።